ጫጩት ከማዘዝሽ በፊት

እሙዬ፣ በትከሻሽ በኩል አጮልቄ ደብተርሽን አየሁት። «ቦቫንስ 200» ያልሽውን ሰርዢና «12» ብለሽ ጻፊ። ቢሾፍቱ ገብቶ ዶሮ ያላረባ የለም፣ ያተርፋል ተብለሻል። እውነት ነው፣ ያተርፋል። የሚያተርፈው ግን በቆሎውን ገና በአዝመራ ወቅት ገዝቶ ያከማቸ፣ መኖውን ራሱ የሚያስፈጭ፣ እንቁላሉን የሚረከብ ሆቴልና ሱቅ አስቀድሞ የያዘ ሰው ነው። ለዶሮ ከሚወጣው ከመቶ ብር ውስጥ ከ60 እስከ 70 ብሩ የሚሄደው ለመኖ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መጥቶ የእህል ዋጋ ሲሰቀል ሁለት መቶ አፍ ይዘሽ ነጋዴ ደጅ እንድትቆሚ አልፈልግም። ስለ ዝርያው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሽቦው ገጽ ሙሉ ጽፈሻል፤ ለመኖ የተውሽው አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ የምነግርሽ በአብዛኛው ስለዚያች መስመር ነው።

አስራ ሁለት ያልኩሽ ቆጥሬ ነው። የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አስራ ሁለቱ አንድ ላይ በቀን አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም አካባቢ ይጨርሳሉ፤ አንድ ኩንታል ሰባ ቀን ገደማ ያቆይሻል ማለት ነው። ውሃ የመኖውን እጥፍ ይፈልጋሉ፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። በደህና በሚጥሉበት ጊዜ በቀን ዘጠኝ፣ አሥር እንቁላል ትለቅሚያለሽ፤ ይህ ለቤትሽ በቅቶ ለሁለት ጎረቤት ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ግን የአንድ ቤት የኩሽና ትርፍና የአንድ ጓሮ ቅጠል ለአስራ ሁለት ዶሮ ቁም ነገር ነው። ለሁለት መቶ ግን ኢምንት ነው፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ የገበያ ጥገኛ ትሆኛለሽ።

ዝርያውን በተመለከተ ክርክር ውስጥ አልገባም፣ አጠር አድርጌ ልንገርሽ። ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች። የሐበሻ ዶሮ በገጠር አያያዝ ከ40 እስከ 60። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የሐበሻዋን ይንቃታል፤ አንቺ አትናቂያት። ቦቫንስ የምትጥለው ተሰፍሮ የሚቀርብላትን በልታ ነው። መኖዋ ሲዛባ ትቆማለች፣ እንቁላል ታቅፎ መፈልፈል ከእሷ አይጠበቅም። የሐበሻዋ ግን ጭራ ትኖራለች፣ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን በክንፏ ትሰበስባለች። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ ትውልድ በትውልድ እየመረጡ እንቁላሏንና ክብደቷን ከፍ ማድረግ መቻላቸው ዝርያዋ ውስጥ ያለው አቅም ገና እንዳልተነካ ያሳያል። ስለዚህ ዘጠኙን ቦቫንስ አድርጊ፣ ሦስቱን የሐበሻ ቄብ። ቄቦቹን ከገበያ አትግዢ፣ ዶሮዎቹ ሲታመሙና ሲድኑ ከምታውቂው ጎረቤት ግዢ።

የአንድ ቀን ጫጩትም አትግዢ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ተከማችተው እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። 45 ቀን የሞላቸውን ውሰጂ፤ ዋጋቸው ከፍ ቢልም ከባዱን ጊዜ ሌላ ሰው አሳልፎልሻል። ስትገዢ የክትባት ወረቀታቸውን ጠይቂ፤ ማሳየት ያልቻለውን ሻጭ እለፊው።

አሁን ወደ መኖው። ዶሮ የምትበላው ነገር ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ራሷ ጭራ ከምታገኘው፣ ከቤትሽ ከሚተርፈውና ከምትገዢው። ሰው ሁሉ ከሦስተኛው ይጀምራል። አንቺ ከሁለተኛው ጀምሪ። እህል ስታበጥሪ የሚወጣው ግርድ፣ የጎመንና የሰላጣ ውጫዊ ቅጠል፣ የካሮት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ሳይሆን የበሰለ ፓፓያ፣ ደርቆ በውሃ የራሰ እንጀራ፣ ይህ ሁሉ መኖ ነው። ግን ልክ አለው። የኩሽና ትርፍ ከዕለት ምግባቸው ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፤ ሆዳቸውን በእንጀራ ሞልተሽ እንቁላል ብትጠብቂ አታገኚም፣ ምክንያቱም እንቁላል የሚሠራው ከፕሮቲንና ከካልሲየም ነው።

የማይሰጠውን ደግሞ በደንብ ያዢልኝ። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ መርዝ ነው፣ አደራ፤ ጭማቂ ቤት ያለው ጎረቤትሽ «ውሰጂው ለዶሮዎችሽ» ቢልሽም አትቀበዪ። የቡና አተላ አትስጪ። ጨውና ዘይት የበዛበት የወጥ ትራፊ አትስጪ። ጥሬ ባቄላና ጥሬ አኩሪ አተር አትስጪ፤ አኩሪ አተር ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ካልሆነ በውስጡ ያለው ነገር ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ይከለክላል። የሻገተ ነገር ደግሞ በምንም ዓይነት። «ዶሮ ምን ትሆናለች» የሚለውን አነጋገር አልወደውም፤ የምትበላው ነገር በእንቁላሏ በኩል ወደ ልጅሽ ሳህን ይመጣል።

ሻጋታን ያነሳሁት ስለ ኑግ ፋጉሎ ልነግርሽ ስለፈለግሁ ነው። ፋጉሎ ግሩም መኖ ነው፤ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ወደ 30 በመቶ ፕሮቲን ይይዛል፣ ሰው ደግሞ አይበላውም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከርም አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በወተት ላይ የተደረገ ጥናት መርዙን ወተቱ ውስጥ አግኝቶት፣ ዋነኛ ምንጩም ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቷል። ለዶሮ ጉበትም ጠላት ነው። ስለዚህ በብዛት አትግዢ፤ ለአንድ ወር የሚበቃሽን ብቻ። በእጅሽ ሰብረሽ አሽትቺው፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው ተዪው። ቤት ስታስገቢው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። በክረምት በቆሎውንም ፀሐይ በወጣ ቁጥር አስጪው።

ራስሽ የምታዘጋጂውን ድብልቅ ልስጥሽ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ከመቶ ኪሎ ውስጥ የተሰበረ በቆሎ 49፣ ኑግ ፋጉሎ 17፣ የተቆላ አኩሪ አተር 14፣ ፉርሽካ 10፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 9፣ ጨው ግማሽ ኪሎ፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛው የቫይታሚንና የማዕድን ቅመም ግማሽ ኪሎ። ይህ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይሰጥሻል፣ ለምትጥል ዶሮ የሚፈለገውም ያ ነው። ጨውና ቅመሙን መጀመሪያ ከትንሽ ፉርሽካ ጋር አሽተሽ ከዚያ ወደ ብዛቱ ጨምሪ፤ አለበለዚያ አንዷ ዶሮ የሁሉንም ጨው ትበላለች። ኖራው ደግሞ ለምትጥል ብቻ ነው። ገና ያልጣለች ቄብ ይህን ያህል ካልሲየም ከበላች ኩላሊቷን ይጎዳል፤ የመጀመሪያው እንቁላል እስኪታይ ድረስ የቄብ መኖ ገዝተሽ ስጫቸው። የእንቁላሉ ቅርፊት ሲሳሳ ካየሽ፣ የቤታችሁን የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽና በምጣድ አሙቀሽ፣ እንቁላል መሆኑ እስከማይታወቅ ድረስ ፈጭተሽ በሌላ ዕቃ አቅርቢላቸው። እንዳለ ከሰጠሻቸው የራሳቸውን እንቁላል ሰብሮ መብላት ይማራሉ፣ ያንን አመል ማስተው ደግሞ በጣም አስቸጋሪ ነው።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ድብልቁን እንደገና እይው። ፋጉሎው የዘይት መጭመቂያ ትርፍ ነው። ፉርሽካው የዱቄት ፋብሪካ ትርፍ ነው። በቆሎውና አኩሪ አተሩ ግን ሰው የሚበላው ነው። ዶሮዋ ሁለት ኪሎ መኖ በልታ አንድ ኪሎ እንቁላል ብትሰጥሽ ጥሩ ዶሮ ናት፤ ያ ሁለት ኪሎ ሙሉውን ከሰው ገበታ የተወሰደ ከሆነ ግን ምን ሠራን? ሥራሽ ያንን 49 እና 14 በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ይሁን። ሽፈራው በጓሮሽ አጥር ተክለሽ ቅጠሉን በጥላ አድርቀሽ ፈጭተሽ ከመቶው እስከ አምስት ኪሎ ብታስገቢ ይቀበላሉ፣ አስኳሉም ይደምቃል። አልፋልፋ በአንድ መደብ ብትዘሪ እያጨድሽ አረንጓዴውን ትሰጫለሽ። የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት የሚያመጣልሽ ካገኘሽ በዚያው ቀን በስሱ አስጪው፣ ካደረ ይኮመጥጣል። ጓሮ የሌለው ሰው እነዚህን ሁሉ ማድረግ ያቅተው ይሆናል፤ አንቺ ግን ጓሮ አለሽ። ዶሮዎቹንም ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሦስት ሰዓት ልቀቂያቸው፣ ትልና ነፍሳት ለቅመው፣ አፈር ታጥበው ይመለሱ። ከሰዓት ያልኩሽ አብዛኛውን እንቁላል ጠዋት ስለሚጥሉ ነው፤ በየቁጥቋጦው ሥር እንቁላል ስትፈልጊ አትውዪም።

ስለ ቤቱ ብዙ አልልም፤ ሥዕልሽ ጥሩ ነው። በካሬ ሜትር ከአምስት ስድስት ዶሮ አታብዢ። ለእያንዳንዷ አንድ ስንዝር ቆጥ፣ ለአምስት ዶሮ አንድ ጨለም ያለ መጣያ። ጉዝጓዙን ሰጋቱራ ወይም የስንዴ ገለባ አድርጊ፣ በየጊዜው ገልብጪው፤ ገብተሽ ዓይንሽን ካቃጠለሽ እነሱንም አቃጥሏቸዋል። ሽቦው ወፍራምና ቀዳዳው ጠባብ ይሁን፤ ሽለምጥማጥ በጣም ትንሽ በሆነ ክፍተት ያልፋል። አምፖል አስገባለሁ ያልሽውን ተዪው። እርግጥ በእኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ትልልቆቹ እርባታዎች እስከ አስራ ስድስት ያደርሱታል፤ ለአስራ ሁለት ዶሮ ግን የፀሐይዋ ይበቃል፣ እነሱም ይረፉ።

መቼ ትገዢ የሚለው ከምን ትገዢ በላይ ነው። የእኛ አገር የእንቁላል ገበያ የሚሄደው በፆምና በበዓል ነው። ዐቢይ ፆም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነቢያት ፆም፣ ረቡዕና ዓርብ፤ ዶሮዋ ይህን አታውቅም፣ መጣሏን ትቀጥላለች። የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፣ ሰፌድሽ ላይ ይከመራል። ያኔ «መኖውን ቀንሺ» ይልሻል ሰው። እንዳታደርጊው! የተራበች ዶሮ ላባዋን ትጥላለች፣ ፋሲካ ሲደርስና ሁሉም እንቁላል ሲፈልግ ያንቺዋ ባዶ እጇን ትቀመጣለች። ይልቅ በፆም የሚገዙሽን ሰዎች ከወዲሁ ያዢ፦ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶችሽን፣ ቁርስ ቤቶችን፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን እናቶች። ከሆሳዕና በፊት ካለው ሳምንት ጀምሮ የምትለቅሚውን ደግሞ አታጥቢው፤ ቅርፊቱ ላይ ጀርም እንዳያልፍ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ፣ ውሃ ይወስደዋል። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ አስቀምጪው። ሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ችግር ይቆይና ለዶሮ ወጡ ይደርስልሻል። ከተጠራጠርሽ ውሃ ውስጥ ክተቺው፤ ትኩሱ ይተኛል፣ የቆየው ይቆማል፣ የተንሳፈፈውን ጣይው።

ቀኑን ልቁጠርልሽ። በኅዳር የተፈለፈለች ጫጩት በታኅሣሥ ማብቂያ ግድም የ45 ቀን ሆና ትገዣታለሽ። ብርዱ እያለፈ ነው፣ በቆሎውም ከአዝመራ ወጥቶ ዋጋው የረገበበት ጊዜ ነው፤ የዓመቱን በቆሎ ያኔ ግዢ። ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ መጣል ትጀምራለች። እንቁጣጣሽን ሙሉ ጉልበቷ ላይ ሆና ታገኘዋለች። 72 ሳምንት ሲሞላት፣ መጣሏ እየላላ ሲመጣ፣ የሚቀጥለው ፋሲካ ደርሷል። የበዓል ዶሮ የሚፈልግ ገዢ ደጅሽ ድረስ ይመጣል፤ አንቺም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተተኪዎቹን ገዝተሽ ለብቻ አሳድገሻል። በዚህ መንገድ መኖ እየበላች የማትጥል ዶሮ ቤትሽ አትቀመጥም።

ፈንግል ስለሚባለው የዶሮ ቫይረስ በሽታ ሳልነግርሽ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ጊዜ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ጠዋት ደህና የነበረች ማታ አንገቷ ተጠምዞ ታገኛታለሽ፣ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይሆናል። ያለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱን የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም እዚያው ከተማሽ ውስጥ ስለሆነ እጥረት ሰበብ አይሆንሽም። የምትገዣቸው ጫጩቶች ኤች ቢ ዋንና ላሶታ የሚባሉትን የፈንግል ክትባቶች እንደወሰዱ አረጋግጪ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ድገሚ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ጎረቤቶችሽን አስተባብሪና በአንድ ቀን ይከተቡ፤ ያልተከተበ ጎረቤት ያንቺም አደጋ ነው። በውሃ የምትሰጪ ከሆነ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሚ፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውሃ ይሁን። ለሁለት ሰዓት ያህል አስጠምተሽ ስጫቸው፣ ቶሎ እንዲጨርሱት።

በሽታው በብዛት የሚገባው በበዓል ሰሞን ነው። ገበያ ተወስዳ ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ይዛው ትመጣለች። ለበዓል የገዛሽው አውራም እንደዚያው፤ ከራስሽ ዶሮዎች ጋር ለአንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሪው፣ ላባውንና አንጀቱን ጓሮ አትጣይ፣ ቅበሪው። ያረድሽበትን ጫማ አድርገሽ ወደ ቆጡ አትግቢ። አንቲባዮቲክ ደግሞ «ለጥንቃቄ» እያልሽ ውሃ ውስጥ አትጨምሪ፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም፣ ቅሪቱ በእንቁላል ይወጣል። ሐኪም ካዘዘ ብቻ ስጪ፣ ስንት ቀን እንቁላሉ እንደማይበላም ጠይቂው።

ልጅሽ መዳህ ጀምራለች፣ ስለዚህ ይህንን በትኩረት ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እንቁላል ለዚህ ከሚረዱ ምግቦች አንዱ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ገጠር ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ሁለት ነገር አብሮ አሳየ፦ ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ ናቸው፤ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት በሚያድሩበት ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ኩስ ያለበት ወለል ላይ የሚድህ ልጅ እጁን አፉ ይከታል። ስለዚህ ቤታቸው ከመኝታሽ ይራቅ፣ ልጅሽ የምትጫወትበት ቦታ ይታጠር፣ እንቁላል የለቀመ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ኩሱን ደግሞ ትኩሱን ለጎመንሽ አትስጪ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። ከገለባው ጋር ከምረሽ፣ እያረጠብሽና እያገላበጥሽ፣ ጥቂት ወራት አስቀምጪው፤ ቆስጣውም ሽፈራውም ከእሱ ይበላሉ፣ ዶሮዎቹም ከእነሱ።

አሁን ስለ ራስሽ ገበታ። ዶሮ አረባሁ ብለሽ በየሳምንቱ ዶሮ አትረጂ። እናታችን ያሳደገችን በምስርና በሽሮ ነው፣ በዓል ሲመጣ ዶሮ፣ እንቁላል ሲገኝ እንቁላል። ዛሬ የዓለም ባለሙያዎች ምድርን የማይጎዳ አመጋገብ ብለው የሚመክሩት ከዚያ ብዙ አይርቅም፦ ጥራጥሬ በብዛት፣ እንቁላል በልክ፣ ሥጋ አልፎ አልፎ። ምስርና አተር የበቀሉበትን መሬት ናይትሮጅን እየጨመሩ ያለሙታል፤ የበሬ ሥጋ ግን ለአንድ ኪሎ ከዶሮም ከእንቁላልም ብዙ እጥፍ መኖ፣ ውሃና መሬት ይጨርሳል። ከተማ ገብተን ገቢያችን ሲሻሻል መጀመሪያ የምንቀይረው ሽሮውን በጥብስ ነው፤ አንቺ ሽሮውን ሳትነኪ ጥብሱን በእንቁላል ቀይሪው። ባልሽ ቢያጉረመርም፣ እንቁላሉን በቃሪያና በቲማቲም ሠርተሽ በትኩሱ አቅርቢለት።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትንንሽ ይሆናሉ፣ አንዳንዴም ቅርጻቸው የተዛባ፤ አትደንግጪ፣ በጥቂት ሳምንት ይስተካከላሉ። እነሱን አትሽጪ። አንዱን በደንብ ቀቅለሽ፣ አስኳሉንም ነጩንም ፈጭተሽ ለልጅሽ ከአጥሚቷ ጋር ስጫት፣ በየቀኑ። የተረፈውን ቆጥረሽ ለጎረቤት ሽጪና ገንዘቡን ለብቻ አስቀምጪው፤ የሚቀጥለው ታኅሣሥ በቆሎ ከእሱ ይገዛል።